የአዘዞ ቆርቆሮ

አንጓች የግራ ጫማዋን ሶል በብሩሽ እየጠረገች ነው። ቀኙን ጨርሳለች። የሚወርደው አቧራ ከወንበሩ ሥር ካለው ትሪ ላይ ያርፋል፤ ትሪው ይመዝነዋል። የቀኙ አራት ግራም ነበር። የግራው ሦስት ሲደርስ ትሪው አረንጓዴ አበራ። ብሩሹን ወደ ቦታው መለሰች።

በዚያ ጠዋት በጎንደር ግንብ የመቆያ ክፍል ውስጥ አርባ ሰዎች ጫማቸውን ይጠርጉ ነበር። በቀን ከአርባ ሰው በላይ በአካል አይገባም። የሰው ትንፋሽ ኖራውን ያረጥባል፤ ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሰው የአንድ ሰዓት ትንፋሽ ተመድቦለታል፣ ያውም በዕድሜው አንድ ጊዜ። ዕጣው በየመስከረሙ ይወጣል። ያልወጣለት መነጽር አድርጎ፣ የገባው የሚያየውን እያየና በጆሮው እያነጋገረው፣ በሌላ ሰው ዓይን ተሳፍሮ ይገባል።

በአንጓች ዓይን የተመዘገቡት ተሳፋሪዎች አስራ ሁለት ናቸው። ሁሉም የደብረ ብርሃን የጠባሴ ሰፈር እድር አባላት ሲሆኑ በዚያ ሰዓት በእድሩ አዳራሽ አግዳሚ ወንበር ላይ መነጽር አድርገው ተደርድረዋል። ዕጣው በአንጓች ስም ቢወጣም ማን እንደሚሳፈር የወሰነው እድሩ ነው። ስብሰባው ሦስት እሁድ ፈጀ። በመጨረሻ ጸሐፊው አቶ ያፌት ስልሳውን ደቂቃ ለአስራ ሁለት አካፍለው ለእያንዳንዱ አምስት አምስት ደቂቃ አደረሱ። አንዱ የአንበሳ ቤቱን መረጠ፣ አንዷ የዳዊትን አዳራሽ፣ አንዱ በሮቹን ብቻ። ዝርዝሩ ጸድቆ ማኅተም ሲያርፍበት ለአንጓች የደረሰ ደቂቃ እንደሌለ ያስተዋለ አልነበረም። እሷም አላነሳችም። ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው፤ የብርድ ልብስ ፋብሪካ ቆራጭ ናት፤ በእድሩ ዘጠኝ ዓመት ስትቆይ አንድም ቀን እጇን አውጥታ አታውቅም።

ካርታውን ግን በደንብ አጥንታዋለች። ከሰባተኛው ተሳፋሪ ወደ ስምንተኛው ሲታለፍ መንገዱ በኢያሱ ግንብ ውስጥ ያልፋል። የኢያሱ ግንብ ጣሪያ የለውም። አርባ እርምጃ ነው። በእነዚያ አርባ እርምጃዎች፣ ተሳፋሪዎቹ ራሳቸው እንዳይዞርባቸው አንገቷን ሳትነቀንቅ፣ ዓይኗን ብቻ ቀና አድርጋ ሰማዩን ለማየት አስባለች። ይህንን ለማንም አልተናገረችም።

«ቁጥር አስራ ሰባት። ቁጥር አስራ ስምንት» አለ በሩ።

አንጓች አንገቷ ላይ በገመድ የተንጠለጠለውን አስራ ሰባት ቁጥር አየችና ተነሳች። በሩ አጠገብ ስትደርስ ከኋላዋ የከዘራ ድምፅ ሰምታ ዞረች። አስራ ስምንት ቁጥርን ያንጠለጠሉት ረጅም፣ ኮታቸውን እስከ ላይ የቆለፉ፣ ሰማንያ ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው ሽማግሌ ነበሩ።

«ይቅደሙ አባባ» አለች።

«ኧረ ቅደሚ ልጄ፤ ተራሽ ነው።»

«እንዴት ተደርጎ!»

«በሞቴ ግቢ!»

«እርስዎ ቆመው እኔ ልግባ? አይሆንም።»

በሩ ተከፈተ። ዘጠኝ ሰከንድ ጠበቀ። ተዘጋ። ማንም አልገባም። እንደገና ተከፈተ። ሽማግሌው እጃቸውን ዘርግተው መንገዱን አሳዩዋት፤ እሷም ወደ ጎን ፈቀቅ ብላ አሳየቻቸው። ተዘጋ። በሩ ላይ በአማርኛ፣ በእንግሊዝኛና በቻይንኛ «በተራ ይግቡ» ተብሎ ተጽፏል። በሩ ለሦስተኛ ጊዜ ሲከፈት ሽማግሌው «እንግዲህ ካልሽ ምን ይደረጋል» ብለው ከዘራቸውን አስቀድመው ገቡ። አንጓች በሚቀጥለው ተከተለች።

በሩ ሰው አይለይም፤ የሚያውቀው መቁጠር ነው። አስራ ሰባተኛ ሆኖ ለገባው የአስራ ሰባት ቁጥርን ተሳፋሪዎች ጫነለት። አስራ ስምንተኛ ሆኖ ለገባው የአስራ ስምንትን።

ከበሩ ማዶ መሬቱ ላይ አንዲት ትንሽ መብራት ትጠብቃት ነበር። ለእያንዳንዱ ጎብኚ አንድ አንድ መብራት አለ፤ እሷ በምትሄድበት ፍጥነት መሄድ፣ በምትቆምበት መቆም ነው። ከፊት ካለው ሰው አስር ሜትር መራቅ ግዴታ ነው። አንጓች መራመድ ጀመረች።

«ናሆም፣ ምነው ዛሬ አጠርክ?» አለ አንድ የሴት ድምፅ ጆሮዋ ውስጥ።

አንጓች ቀጥ ብላ ቆመች።

«አትቁም እንጂ፣ መብራቷ ጥላህ ትሄዳለች! ደግሞ ቀና በል፤ ሣር ብቻ ነው የምታሳየኝ።»

«ይቅርታ» አለች አንጓች። «እኔ አቶ ናሆም አይደለሁም።»

የሴቲቱ ድምፅ ከፍ አለ።

«ሚስቱን ቤት አስቀምጦ ሴት ይዞ ነው የገባው?»

«ኧረ በፍጹም! እኔ አንጓች እባላለሁ። በሩ ላይ ይቅደሙ ስላቸው፣ እሳቸው ደግሞ ቅደሚ ሲሉኝ...»

«በቃ፣ በቃ፣ ገባኝ» አሉ ሴትዮዋ። ይስቁ ነበር። «ይሄ ሰውዬ በሰርጋችን ዕለት እንኳ ከአጎቴ ጋር አዳራሹ በር ላይ ቅደም ቅደም ሲባባሉ ምሳው ቀዝቅዟል። ሶሊያና እባላለሁ፤ ሚስቱ ነኝ። ታዲያ እሱ ማንን ይዞ ገባ?»

መልሱ ከአስር ሜትር ፊት መጣ። አቶ ናሆም የግንቡ ደጃፍ ላይ ከዘራቸውን አየር ላይ እያወዛወዙ ከማይታዩ ሰዎች ጋር ይነጋገሩ ነበር።

«ሶሊ?... ሶሊ አይደለሽም?... ስንት ናችሁ?... አስራ ሁለት! በተራ! በተራ አልኩ! አቶ ማን?... አቶ ያፌት፣ እስቲ ያንን ዝርዝር ለጊዜው ኪስህ ውስጥ ክተተው። እኔ ናሆም ነኝ። መኪና ራሱን መንዳት ሳይጀምር ከሜክሲኮ ሳሪስ ሚኒባስ የነዳሁ ሰው ነኝ፤ አስራ ሁለት ሰው ለእኔ ምኔ ነው? ጠጋ ጠጋ በሉና ተቀመጡ፤ መውረድ የፈለገ ወራጅ ይበል!»

አንጓች ሳታስበው ሳቀች፤ ወዲያው ደነገጠች። አቶ ያፌትን እንዲህ ያናገረ ሰው በዘጠኝ ዓመት ውስጥ አላየችም። መታጠፊያው ላይ ግራጫ የለበሰ ጥበቃ ቆሞ ነበርና እጇን ትንሽ ከፍ አደረገች።

«ይቅርታ፣ ተሳፋሪዎቻችን ተቀያይረውብናል።»

ጥበቃው ቀና ብሎ አላያትም። «ተግደርድራችሁ ነው?»

«አዎ።»

«በቀን ስድስት ጊዜ ነው ይሄ። ፈረንጆቹ አንድ ቀን ገጥሟቸው አያውቅም። እስከ መውጫው አይስተካከልም፤ መብራትሽን ተከተዪ።»

ተከተለች። የፋሲል ግንብ ምድር ቤት ባዶ ነው። ቀዝቃዛ ድንጋይ፣ ኖራ፣ ከመስኮት የሚገባ አራት ማዕዘን ብርሃን። ጥግ ላይ እርጥበት የሚለካ ሳጥን ተቀምጦ አልፎ አልፎ ይጮኻል።

«ምንጣፍ ላይ ነው የቆምሽው» አሉ ወይዘሮ ሶሊያና። «ቀይ ምንጣፍ። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል፤ መኳንንቱ ግራና ቀኝ ቆመዋል። አንደኛው ትክ ብሎ ያይሻል።»

አንጓች ወደ ቀኝ አንድ እርምጃ ፈቀቅ አለች። «አሁንስ?»

«አሁንም ያይሻል። ተይው፤ ሥራው ነው።»

ለተሳፋሪ የሚታየው ይህ ነው። ግንቡ በደህናው ዘመን እንደነበረ ተደርጎ ይቀርብለታል፤ ከአጥሩ ውጭ ያለው ደግሞ ጨርሶ አይታየውም። ከተማው ተነስቶ በቦታው ደን ተተክሎለታል። ብዙ ሰው የሚመርጠው ይህንኑ ነው። ከተሳፋሪዎች ግማሽ ያህሉ በአካል የመግባት ዕጣ ቢደርሳቸው እንኳ እንደማይፈልጉ ይናገራሉ።

«ምን ልይልዎት?» ብላ ጠየቀች አንጓች።

«እዚህ ምንም አልፈልግ። እኔ የምፈልገው ላይ ነው፣ ግንቡ ራስ ላይ። እስከዚያ የፈለግሽውን እይ።»

አንጓች የምትፈልገውን መፈለግ ጀመረች። ቀላል አልነበረም። መጀመሪያ ሁለት ጊዜ ወደ ኋላዋ ዞራ አየች፣ የሚቆጣት ሰው ያለ ይመስል። ከዚያ መስኮቱ ቅስት ላይ ያሉትን ቀያይ ድንጋዮች ቆጠረች። አስራ ሦስት ናቸው። ጠራቢው አንዱን አጥብቦ ቆርጦታል፤ ግራና ቀኝ ያሉት ትንሽ ትንሽ ሰፍተው ሸፍነውለታል። ፋብሪካ ውስጥ ጨርቅ ሲያጥራት እሷም እንዲሁ ታደርጋለች። አራት መቶ ሃምሳ ዓመት ማንም ሳያውቅበት እዚያው ተቀምጧል።

መብራቷ ወደ ደረጃው አመራች። ሲወጡ ወይዘሮ ሶሊያና ማውራት ጀመሩ።

«በ2030 ነው፤ በጫጉላችን። ያኔ ዕጣ የለ፣ ትሪ የለ፤ ትኬት ቆርጠሽ መግባት ነው።»

«ማንም ሰው?»

«ማንም። ልጆች እየሮጡ፣ ሙሽሮች ፎቶ እየተነሡ። እኛ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለን ሙዝ በልተናል።»

«ሙዝ!» አለች አንጓች በሹክሹክታ፤ ሳጥኑ እንዳይሰማት።

«ራስ ላይ ወጣን። በደቡብ በኩል፣ ሩቅ፣ የሚያብረቀርቅ ነገር አየሁ። ‘ጣና ነው’ አልኩት። ነገሥታቱ ከዚያ ሆነው ጣናን ያዩ ነበር ይባል የለ? ናሆም ዓይኑን በእጁ ጋረደና ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ‘የአዘዞ ቆርቆሮ ነው።’ በቃ፤ ይኸው ሃምሳ አንድ ዓመት።»

«እስከ ዛሬ?»

«እስከ ዛሬ! ቤት ስንሠራ ጣሪያውን አሻቅቦ አየና ‘አደራ፣ ጣና ነው እንዳትዪ’ አለኝ። ባለፈው ወር ጉልበቴን ቀዶ ሕክምና ሲያስገቡኝ እጄን ያዘ። መቼም ደህና ነገር ይናገራል ብዬ ጠበቅሁ። ‘ስትነቂ ቆርቆሮ እንደነበር ታምኛለሽ’ አለኝ።»

አንጓች አፏን በእጇ ያዘች።

«ሳቂ፣ ሳቂ። ዕጣውን አስራ አንድ ዓመት ጠብቀን በእሱ ስም ወጣ። እኔ ተሳፋሪ ነኝ፤ ከአጥሩ ውጭ አይታየኝም። እሱ አየሁ ያለውን አምኜ መቀበሌ ነበር። እሱን ደግሞ አውቀዋለሁ። አሁን ግን አንቺ መጣሽልኝ፤ የእሱ ዘመድ አይደለሽ፣ የእኔ ወገን አይደለሽ። ዳኛዬ አንቺ ነሽ።»

አንጓች በሕይወቷ ዳኛ ሆና አታውቅም። ፋብሪካ ውስጥ ሁለት ሰዎች ተጣልተው እሷን ሲያዩ መቀሷን መሳል ትጀምራለች። «እኔ እንኳ...» አለች።

«ዓይንሽ ደህና ነው?»

«ደህና ነው።»

«በቃ፤ ሌላ አልጠይቅሽም።»

በዚህ መካከል የአቶ ናሆም ድምፅ ከላይ በደረጃው ተንከባለለ። «አንቺ ሶሊን የያዝሽ ልጅ! ንገሪያት! ሁሉም ቆርቆሮ ነው! አንድም ሳይቀር!» ከዚያ ዝቅ ብሎ፣ «አይ አቶ ያፌት፣ ለእናንተ አይታይም። የቤተሰብ ጉዳይ ነው።» ከዘራቸው በወዲያኛው ደረጃ እየመታ ወረደ።

«ምን አለ?»

«ሁሉም ቆርቆሮ ነው አሉ።»

«ያለ መነጽሩ ሎሚና እንቁላል አይለይም። ውጪ።»

ግንቡ ራስ ላይ ስትደርስ አራት ሰዓት ከአስራ ዘጠኝ ደቂቃ ነበር። መብራቷ እዚያ የምትቆየው ሦስት ደቂቃ ነው። ነፋስ ነበር። አንጓች ነጠላዋን አጥብቃ ወደ ደቡብ አየች።

«ይታያል?»

አንጓች ዓይኗን በእጇ ጋረደች። «ያብረቀርቃል» አለች በመጨረሻ።

«አላልኩም! አላልኩም!»

«ግን እትዬ ሶሊያና፣ የሚያብረቀርቀው ሁሉም ነው።»

«ሁሉም ማለት?»

«ከአዘዞ ጀምሮ እስከ ሰማዩ ድረስ። የደንቢያ ሜዳ በሙሉ ሶላር ሆኗል። መጨረሻው የት እንደሆነ አይለይም።»

ለወይዘሮ ሶሊያና የሚታያቸው ደን ነበር፤ ደኑ ላይ ከቦታው የማይነቃነቅ ጭጋግ።

«እንግዲህ አይለይማ» አሉ ቆይተው። «እኔም አላወቅሁ፣ እሱም አላወቀ። ሁለተኛ ደግሞ አንገባም።» እስካሁን የሚስቅ የነበረው ድምፃቸው አሁን የሰባ አራት ዓመት ሰው ድምፅ ሆነ። «በቃ ልጄ፤ ሂጂ፣ ጉብኝትሽን ጨርሺ።»

መብራቷ አንድ ጊዜ ብልጭ አለች። አንጓች አልተነቃነቀችም። የመቁረጫ ጠረጴዛዋን እያሰበች ነበር፤ ጠረጴዛውን፣ መስኮቱን፣ ከመስኮቱ ማዶ ያለውን ሜዳ።

«ግማሽ ሰዓት ላይ ይዞራሉ» አለች።

«ምኖቹ?»

«ሶላሮቹ። ፀሐይን ተከትለው በየግማሽ ሰዓቱ ሁሉም አንድ ላይ አንገታቸውን ያዞራሉ። እኛም ፋብሪካ አጠገብ አሉ፤ ዘጠኝ ዓመት በመስኮት ሳያቸው ኖሬያለሁ። ሲዞሩ ለአራት ሰከንድ ብርሃናቸው ይጠፋል። ሜዳው አመድ ነው የሚመስለው። ያን ጊዜ ሳይጠፋ የሚቀር ነገር ካለ...»

«ውሃ ነው!»

«ውሃ አይዞርም» አለች አንጓች።

«አሁን ስንት ሰዓት ነው?»

«አራት ከሃያ ሁለት።»

መብራቷ ሁለት ጊዜ ብልጭ ብላ መንቀሳቀስ ጀመረች። ደረጃው አፍ ላይ ስትደርስ ቆመችና በትሕትና «ጎብኚ አስራ ስምንት፣ እባክዎ ይከተሉ» አለች። መብራቱ ጥሎት የሄደ ጎብኚ ጉብኝቱን እንደጨረሰ ይቆጠራል፤ ከቆመበት በቀጥታ ወደ መውጫው ይወርዳል እንጂ ሌላ ግንብ አይገባም። የዳዊት አዳራሽ፣ የአንበሳ ቤቱ፣ የኢያሱ ግንብ አርባ እርምጃ፣ ሁሉም ደረጃው አፍ ላይ ቆመው የሚጠብቋት መሰላት።

«ምንድን ነው የሚልሽ?» አሉ ወይዘሮ ሶሊያና።

«ሂጂ ነው የሚለኝ።»

«ታዲያ ሂጂ እንጂ! በዕድሜሽ አንድ ጊዜ ያገኘሽውን ለሁለት ሽማግሌ ንትርክ ብለሽ...»

«አልሄድም» አለች አንጓች። ቃሉ ከአፏ ሲወጣ እሷም ሰማችው። «እዚህ መቆየት እፈልጋለሁ።»

መብራቷ ትንሽ ጠበቀች። ከዚያ ደረጃ በደረጃ ወረደችና ጠፋች።

ስምንት ደቂቃ ቀራቸው። የሚያዛት አልነበረም፤ የሚቆጥርም አልነበረም። አንጓች እጆቿን የት እንደምታደርጋቸው ጠፋት። የግንቡ ራስም ጣሪያ እንደሌለው ያስተዋለችው ያን ጊዜ ነው።

«አንገቴን ቀና ባደርግ ይዞርብዎታል?»

«እኔ በናሆም ሚኒባስ ሳሪስ ድረስ የሄድኩ ሴት ነኝ። እንደፈለግሽ አድርጊ።»

አንጓች አንገቷን እስኪያማት ወደ ኋላ አዘነበለች። የጥቅምት ሰማይ ነው፤ አንድም ደመና የለበትም። ሁለት ጭላቶች ክንፋቸውን ሳያርገበግቡ ይዞራሉ። አንደኛው ከቀኝ ክንፉ አንድ ላባ ጎድሎታል፤ ክፍተቱ እንደ ጥርስ ይታያል።

«ምን እያየሽ ነው?» አሉ ወይዘሮ ሶሊያና።

«ጭላቶቹን።»

«ለእኔ ጭላት የለም። ሰማዩም የእነሱ ነው፤ ጠርገውታል። እስቲ ንገሪኝ።»

አንጓች ነገረቻቸው። የጎደለውን ላባ ነገረቻቸው፤ ትልቁ ትንሹን እንዴት እንደሚያሳልፈው፤ ትንሹ ሲያልፍ እንዴት ዝቅ እንደሚል። ብዙ ተናገረች። በእድሩ ዘጠኝ ዓመት ከተናገረችው ሳይበልጥ አይቀርም።

አራት ሰዓት ከሃያ ዘጠኝ ሲሆን ፊቷን ወደ ደቡብ መለሰች። «ደረሰ» አለች።

«ቆይ!» አሉ ወይዘሮ ሶሊያና። «ቆይ፣ ቆይ። ስታዪ አትንገሪኝ።»

«ለምን?»

«ብቻዬን ልስማው እንዴ? ከተሸነፍኩ ፊቱን ማየት አለብኝ። ካሸነፍኩ ደግሞ ይበልጡን ማየት አለብኝ! ጽፈሽ አሽጊና ስጪው። ቤት ሲመጣ አብረን እንከፍተዋለን።»

«እሺ።»

«እንዳትዋሺልኝ። ደግ ልጅ መሆንሽ ያሰጋኛል። ደግ ዳኛ አልፈልግም።»

ግማሽ ሰዓቱ ሲሞላ ደንቢያ ጠፋ። ከአዘዞ እስከ ሰማዩ ጫፍ ያለው ብርሃን አንድ ሰው ያጠፋው ይመስል ድርግም አለ፤ ሜዳው አመድ ሆነ። አንጓች ዓይኗን ሳታርገበግብ ቆጠረች። አንድ። ሁለት። ሦስት። አራት። ሶላሮቹ እንደገና አበሩ።

«አየሽ?»

«አየሁ።»

«በደንብ?»

«በደንብ።»

«ጎሽ የኔ ልጅ» አሉ ወይዘሮ ሶሊያና። ሊጠይቋት ትንፋሻቸውን ሲሰበስቡ፣ ከዚያም ሲተዉት ይሰማታል። መውጫው ድረስ እየወረዱ ሌላ ሌላውን አወሩ፤ ስለ ብርድ ልብስ፣ ስለ ጉልበት። የመውጫው ክፍል ደጃፍ ላይ ወይዘሮ ሶሊያና ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ወራጅ አለ!» አሉ፤ የአንጓች ጆሮም ጸጥ አለ።

መውጫው ክፍል ውስጥ የአስተያየት ጠረጴዛ አለ። ጠረጴዛው ላይ ወረቀት፣ ፖስታ፣ በኩባያ የተቀመጠ ብዕር። አንጓች ተቀምጣ ብዙ ጊዜ ወሰደች። ሁለት ወረቀት አበላሸች። ሦስተኛው ላይ በቀስታ እንዲህ ብላ ጻፈች፦

«ጥቅምት 14 ቀን 2081 ዓ.ም.፣ ረፋድ አራት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ከፋሲል ግንብ ራስ ወደ ደቡብ ስመለከት፣ ሶላሮቹ በዞሩባቸው አራት ሰከንዶች ከደንቢያ ማዶ አንድ ቀጭን መስመር ሳይጠፋ ሲያበራ አይቻለሁ። ጣና ነው። በ2030 የታየው ግን ምን እንደነበረ አላውቅም፤ አልተወለድኩም ነበር። አንጓች መኮንን፣ ቆራጭ።»

የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር መተው እንደምትችል አሰበች። ደግማ አነበበችው። እውነት ስለሆነ እንዳለ አቆየችው። ወረቀቱን አጥፋ ፖስታው ውስጥ ከተተችው፣ አፉን ልሳ አሸገችውና ብዕሩን ኩባያው ውስጥ መለሰች።

አምስት ሰዓት ሲሞላ አቶ ናሆም በሁለት ጥበቃዎች መካከል መጡ። ኮታቸው ከኋላ ነጭ በነጭ ሆኗል።

«መጨረሻ ነው! ሁላችሁም ውረዱ! አቶ ያፌት፣ ዕቃ እንዳትረሱ!» ብለው እስኪሰናበቱ ቆዩና ወደ አንጓች ዞሩ። «ምን ዓይነት ጥሩ ሰዎች ናቸው! ዝርዝሩን ቀድደነዋል። የፈለገ ሲጠግብ ወራጅ ይላል፤ ቀጣዩ ይገባል። እድሩ እኔን አባል ለማድረግ በአስቸኳይ ሊሰበሰብ ነው። አዲስ አበባ ነው የምኖረው ብላቸው አይሰሙም።»

«ኮትዎ ምን ሆነ?»

«ያ ጣሪያ የሌለው ግንብ የማን ነው?... የኢያሱ። እዚያ ስንገባ ሁሉም ‘ቀና በል! ቀና በል!’ ብለው ጮኹብኝ። አንገቴ መች ይታጠፋል? ተኛሁላቸዋ! በጀርባዬ! ሳጥኑ ሁሉ ጮኸ።» ከጥበቃዎቹ አንዱ ራሱን ነቀነቀ። «ለእነሱ ጣሪያ ይታያቸዋል፤ ለእኔ ግን ሰማይ ነው፤ ሌላ ምንም የለም። ምንም አልቀረብሽ።»

«እኔም አይቼዋለሁ» አለች አንጓች። ፖስታውን በሁለት እጇ ዘረጋችላቸው። «ከእትዬ ሶሊያና ጋር የሚከፈት ነው።»

አቶ ናሆም ፖስታውን ተቀብለው ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አደረጉት። አያሳይም። «እስቲ ለእኔ ብቻ በጆሮዬ?»

«አይሆንም።»

«ትንሽ ፍንጭ?»

«ጋሼ፣ ዳኛ ፍንጭ አይሰጥም።»

«እሷስ? ሳቀች ወይስ አዘነች? ይሄን ብቻ።»

«አልሰሙም። ያለ እርስዎ አልሰማም አሉ። ፊትዎን ማየት አለብኝ ብለዋል።»

አቶ ናሆም ፖስታውን ኮታቸው ውስጥ በልባቸው በኩል ከተው ቁልፉን ቆለፉት። ከዚያ መሐረብ አውጥተው ፊታቸውን በደንብ ጠረጉ፤ ከአሁኑ ሊያዘጋጁት የፈለጉ ይመስል።

ወደ መውጫው በር አብረው ሄዱ። በሩ አጠገብ አርባ ሚስማሮች በተርታ ተመተዋል፤ በየሚስማሩ ሥር ቁጥር አለ። በሩ ተከፈተ።

«ቅደሚ ልጄ» አሉ አቶ ናሆም።

«ኧረ ይቅ...»

«ኧረ በማርያም!» አለ ጥበቃው ከኋላቸው።

አንጓች አንገቷ ላይ ያለውን ቁጥር አየች። «ልክ ነው፣ ተራዬ ነው» አለች። ገመዱን አውልቃ አስራ ሰባት ቁጥርን ሚስማሩ ላይ ሰቀለች። ትንሽ ጋደል ብሎ ነበርና አቃናችው።